ሳይጨፈልቁ መያዝ፦ ስለ ቤት ውስጥ ነፍሳት መያዣዎች የጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ። ፍሊት ሳይነፋ፣ ግድግዳ ላይ ነጠብጣብ ሳይቀር፣ በእጅ ሳይነካ ቤት የገባ ነፍሳት እንዴት ተይዞ ይወጣል? በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች በዓይነትም በጥራትም ስለሚለያዩ ጥያቄዎቹን ሰብስበን መልሰናል። ቆሻሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሚያዝበት ሰዓት አይደለም፤ መሣሪያው ሲዘጋና ሲራገፍ ነው። ስለ ማራገፍ በዛ አድርገን የጻፍነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አየሁ። አንዱ በባትሪ አየር እየሳበ የሚይዝ፣ አንዱ ጫፉ ላይ ብሩሽ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ሌላው የታወቀው የትንኝ ራኬት ነው። የቤቴ ኮርኒስ ከፍ ያለ ነው፤ ሸረሪትና የእሳት ራት ይበዛበታል። የትኛውን ልግዛ? (አንባቢ፣ ከገርጂ)

መልስ፦ ለሸረሪቱ ብሩሹን ይግዙ። ለእሳት ራቱ ምንም መግዛት አያስፈልግዎትም።

ብሩሽ ያለው ዘንግ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል ስለሚደርስ፣ ወንበር ላይ ሳይወጡ እስከ 2.60 ሜትር ድረስ መሥራት ይችላሉ። እጀታው ላይ ያለው ምላስ ሲጫን ጸጉሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲለቀቅ ተሰብስበው ሸረሪቱን መሀላቸው ያስገቡታል። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ብሩሹን ግድግዳው ላይ አጥብቆ መጫን ነው፤ ጸጉሮቹ ይጎብጡና በጎን ክፍተት ይፈጠራል፣ ሸረሪቱም በዚያ ይሾልካል። የጸጉሮቹ ጫፍ ግድግዳውን ነካ ካደረገ ይበቃል። ሁለተኛው ምላሱን በድንገት መልቀቅ ነው። ቀስ ብለው ከለቀቁት ጸጉሮቹ እግሮቹን ሳይሰብሩ ይይዙታል፤ ደጅ ወስደው ምላሱን እንደገና ሲጫኑት ሸረሪቱ በራሱ ይወርዳል። ቤት ውስጥ የምናየው ሸረሪት ዝንብና ትንኝ እያደነ የሚኖር ስለሆነ በሕይወት አውጥቶ መልቀቁ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

ይህ መሣሪያ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር አይዝም፤ በጸጉሮቹ መሀል ያልፋል። ለሚበርም አይሆንም። ጸጉሮቹ አቧራና የሸረሪት ድር ሲይዙ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ በየጊዜው ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ያጥቧቸውና ጸጉሩ ወደ ታች ሆኖ ተንጠልጥሎ ይድረቅ። ወደ ላይ ካቆሙት ውኃው ወደ ዘንጉ ወርዶ የውስጡን ሽቦ ያዝጋል።

የእሳት ራት ክንፉ በደቃቅ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ግድግዳ ላይ የሚቀረው ቡናማ ዱቄት ይኸው ቅርፊት ስለሆነ በብሩሽም በጨርቅም ቢነኩት ይበከላል። ለእሱ የሚሻለው ብርጭቆና ካርቶን ነው። የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፍተው አንዱን ብቻ ይተዉ፤ ራቱ ወደዚያ መጥቶ እስኪያርፍ ይጠብቁ። አፉ 8 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከውጭ የሚያሳይ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ቀስ ብለው ይድፉበት። ከዚያ የካላንደር ሽፋን ወይም ፖስት ካርድ የመሰለ ጠንካራ ወረቀት በግድግዳውና በብርጭቆው መሀል ያሾልኩ። ስስ ወረቀት መሀል ላይ ይታጠፍና ክፍተት ይፈጥራል። ወረቀቱን ሲያስገቡ የብርጭቆውን ጠርዝ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ያንሱ፤ ያኔ እግርም ክንፍም አይቆረጥም። ግድግዳው ሸካራ ከሆነ በብርጭቆው አፍ ዙሪያ ቀጭን ስፖንጅ ይለጥፉ።

በአየር የሚስበው ለዝንብና ለትናንሽ ነፍሳት ይሆናል። አንድ ብቻ እገዛለሁ ካሉ ግን ከብሩሹ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ጥያቄ፦ በባትሪ የሚሠራ መሳቢያ ገዛሁ፤ ጉንዳን ይስባል እንጂ ዝንብ አይዝም። አንዳንዴ የያዘውም ተመልሶ ይወጣል። ተበላሽቷል ወይስ አጠቃቀሜ ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አጠቃቀሙን እናስቀድም፤ አብዛኛው ችግር ከዚያ ነውና።

አየር የሚነፋ ነገር ከሩቅ ይደርሳል፤ አየር የሚስብ ግን ከአፉ ጥቂት ራቅ ሲል ጉልበቱን ያጣል። የቱቦው አፍ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ «ይስበዋል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ አፉን ነፍሳቱ ላይ ማድረስ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል አፉን ግድግዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ቢገጥሙትም አይሠራም፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ስለሚያጣ ዝንቡ ባለበት ይቀራል። ቱቦውን ትንሽ አዘንብለው በአንድ ጎን እንደ ስንጥቅ ያለ ክፍተት ይተዉለት።

ለዝንብ ሞተሩን ገና ከሩቅ ያስነሱት። አጠገቡ ሲደርሱ በድንገት የሚነሳ ንፋስና ድምፅ ያስበረግገዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ እንዳሳዩት፣ ዝንብ አደጋ ሲያይ ከመብረሩ በፊት በ200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ እግሮቹን አስተካክሎ ከአደጋው ተቃራኒ ወደሆነ አቅጣጫ ለመዝለል ይዘጋጃል። ስለዚህ እጅዎ እየተጠጋ ሳለ አቅጣጫ አይቀይሩ። በአንድ መስመር፣ በዝግታ ይጠጉና የመጨረሻዋን አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቶሎ ይዝጉ። ለሸረሪትና ለጉንዳን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ አፉን ካስቀመጡ በኋላ ሞተሩን ያስነሱ።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ ከባትሪው ይጀምሩ። አራት ባትሪ ድንጋይ የሚወስድ ከሆነ አዲስ አልካላይን 6 ቮልት ይሰጣል። ቻርጅ የሚደረጉት ባለ 1.2 ቮልት ባትሪዎች ግን አራቱም ተደምረው 4.8 ቮልት ብቻ ናቸው። ርካሹ የዚንክ ካርበን ባትሪ ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ይበቃል፤ ሞተር ሲያዞር ግን ወዲያው ይደክማል። አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ አንዱ የደከመ ሦስቱን ይጎትታል።

ቀጥሎ ከሞተሩ ፊት ያለውን ወንፊት ይዩ። የእሳት ራት ክንፍ ዱቄትና የቤት አቧራ ሲሸፍነው አየር አያልፍም። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ አያርጥቡት። ለመፈተሽ አንድ ነጠላ ሶፍት ወስደው አፉ ላይ ያስጠጉ። ጤነኛ መሣሪያ ሶፍቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሶፍቱ ከወደቀ በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ አየር እየገባ ነው። መገጣጠሚያውን አንድ ዙር በፕላስተር ይጠቅልሉና እንደገና ይሞክሩ።

የተያዘው ተመልሶ የሚወጣው ከአፉ በስተጀርባ ያለችው ስስ የፕላስቲክ መዝጊያ ሳትገጥም ስትቀር ነው። ሞተሩ ሲስብ ትከፈታለች፣ ሲቆም በራሷ ትዘጋለች። አንድ ክንፍ ወይም የጸጉር ዘለላ ከስሯ ከገባ ክፍት ትቀራለች፤ በጥጥ መጥረጊያ ያጽዷት። ከተጣመመች ደግሞ መዝጊያዋን አይመኑ፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ አፉን በክዳኑ ወይም በካርቶን ሸፍነው ከዚያ ያጥፉት። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ሁሉ የያዙትን መልሰው ቤት ውስጥ ይለቃሉ።

ሲያራግፉ የመያዣውን ዕቃ ከሞተሩ ነቅለው፣ ሰፋ ባለ ሳህን ውስጥ ባዘጋጁት የሳሙና ውኃ ውስጥ አጥልቀው ይክፈቱት። አንድ ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። ሳሙናው ውኃው የነፍሳቱን ሰውነት እንዲያርስና የሚተነፍሱባቸውን ቀዳዳዎች እንዲዘጋ ስለሚያደርግ ቶሎ ይሞታሉ፤ ተራ ውኃ ላይ ግን ሊንሳፈፉ ይችላሉ። መያዣው የማይነቀል ከሆነ መሣሪያውን በፌስታል ውስጥ አድርገው አፉን ደጅ ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ። የእንጀራ መሶቡ አካባቢ ዝንብ እየበዛ ስለተቸገርኩ ሠራተኞቼ ራኬት ይጠቀማሉ። ንጹሕ ዘዴ ነው? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለምግብ ቦታ አይደለም። ራኬቱ ዝንቡን ይገድላል እንጂ አይዝም። ሽቦው ላይ ሲነድ ሰውነቱ ይሰነጠቅና ደቃቁ ፍርስራሽ በአየር ይበተናል። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ በኤሌክትሪክ የሚቃጠል ዝንብ ይዟቸው የነበሩ ባክቴሪያና ቫይረሶች አብረው ይረጫሉ። እንጀራ በተዘረጋበት፣ ወጥ በተከፈተበት፣ ሰው በሚበላበት ክፍል ሠራተኞችዎ ራኬት እንዳይጠቀሙ በግልጽ ይከልክሉ።

ከዚህ የሚብሰው የእሳት አደጋው ነው። የራኬቱ ሽቦ ላይ ያለው ኃይል ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ቮልት ይደርሳል። በሰው ላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ትንሽ ስለሆነ ጤነኛ አዋቂን አስደንግጦ ይተዋል፤ ብልጭታው ግን ጋዝ ለማቀጣጠል ከበቂ በላይ ነው። ሲሊንደር ጋዝ በሚሸትበት፣ ወይም ገና አሁን ፍሊት በተነፋበት ክፍል ማብሪያውን አይንኩ። በቆርቆሮ ጣሳ የሚሸጠው ፍሊት የሚገፋበት ጋዝ ራሱ ተቀጣጣይ ነው። ፍሊት ነፍቶ በራኬት መጨረስ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ይህን ተዉ።

መኝታ ክፍል ውስጥ ለትንኝ መጠቀሙን አንቃወምም። ሲጠቀሙ ግን ነፍሳት ሳይነካው የሚንጣጣ ራኬት በሽቦዎቹ መሀል ክንፍ ወይም አቧራ ይዟል ማለት ነው። ያጥፉት፣ ትንሽ ይቆዩ፣ እጀታው ደረቅ ፕላስቲክ የሆነ ጠመንጃ መፍቻ ይዘው ብረቱን የመሀሉንና የውጩን ሽቦ አንድ ላይ በማስነካት የቀረውን ኃይል ያፍስሱ፤ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ከግድግዳ ሶኬት የሚሞሉት ርካሾቹ ራኬቶች ብዙዎቹ ባለ 4 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ አላቸው። ይህ ባትሪ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል፤ ክረምት አልፎ ሲያወጡት የማይሠራው ለዚህ ነው። ባይጠቀሙበትም በየሁለት ወሩ ይሙሉት።

ለምግብ ቤትዎ የሚሻለው የመስኮት ወንፊት፣ ክዳኑ የሚገጥም መሶብና በየቀኑ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። በእጅ ሊይዙት የሚችሉት ዝንብ እነዚህን ሁሉ አልፎ የገባው አንድ ሁለቱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጋሻ የመሰለች ቡናማ ነፍሳት በመስኮት እየገባች አስቸገረችኝ። ስጨፈልቃት ትሸታለች፤ በቫኪዩም ሳስባት ቫኪዩሙ ለሳምንታት ይሸታል።

መልስ፦ ይህች ከምሥራቅ እስያ የመጣችው፣ አሜሪካኖች ስቲንክ ባግ የሚሏት ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በፔንስልቬንያ አለንታውን ከተገኘች በኋላ ሜሪላንድንና ቨርጂንያን ሞላች። አትናከስም፤ የብርዱን ወራት ለማሳለፍ ትገባለች እንጂ ቤት ውስጥ አትራባም። ሽታዋ ከጥሬ የድንብላል ቅጠል ሽታ ጋር የሚቀራረበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ውስጥ አልዲሃይድ የሚባሉ ተመሳሳይ ውህዶች አሉ።

ይህችን ለመያዝ ጠባይዋን ይጠቀሙ፤ ስትነካ እጅና እግሯን ሰብስባ ወደ ታች ትወድቃለች። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ይቁረጡ፣ የተቆረጠውን አንገት ገልብጠው እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ ይክተቱት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያያይዙ። የአንገቱ ቀዳዳ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትልቋም ትገባለች። ከታች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሳሙና ውኃ ያድርጉበት። ጠርሙሱን ከሥሯ ይዘው በወረቀት ጠርዝ ከላይ ነካ ሲያደርጓት ራሷ ትገባለች። ከወረቀቱ በቀር ምንም ስለማይነካት ሽታ የለም ማለት ይቻላል።

በቫኪዩም ካልሆነ አይሆንም የሚሉ ከሆነ አሮጌ ስቶኪንግ ቱቦው ውስጥ ያስገቡ። አፉን ወደ ውጭ መልሰው በላስቲክ ያጥብቁት። ነፍሳቶቹ ስቶኪንጉ ውስጥ ይቀራሉ፣ ሞተሩም አቧራ ከረጢቱም አይሸቱም። ሞተሩን ሳያጠፉ ስቶኪንጉን መዝዘው ይቋጥሩና የሳሙና ውኃ ውስጥ ይክተቱት።

ጥያቄ፦ ናይሮቢ ተማሪ ነኝ። ዝናብ ሲመጣ ጥቁርና ቀይ የሆነች ቀጭን ነፍሳት አልጋዬ ላይ ትገኛለች። ጓደኛዬ አንገቷ ላይ ገደለቻትና ቆዳዋ ተቃጠለ። በምን ልያዛት?

መልስ፦ የናይሮቢ ዝንብ ናት፤ ስሟ ዝንብ ይሁን እንጂ ጥንዚዛ ነች። ርዝመቷ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ጭንቅላቷና የጅራቷ ጫፍ ጥቁር፣ መሀሏ ብርቱካንማ ቀይ ነው። አትነድፍም፣ አትነክስም። ደሟ ውስጥ ያለው ፔደሪን የሚባል መርዝ ነው ስትጨፈለቅ ቆዳ የሚያቆስለው። ቁስሉ ወዲያው ሳይሆን ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ስለሚወጣ ብዙ ሰው ምክንያቱን አያውቀውም። በ1997 እና 1998 እ.ኤ.አ. የኤል ኒኞ ዝናብ ጊዜ ናይሮቢ ውስጥ እጅግ በዝታ ነበር።

ሳይጨፈልቁ መያዝ የግድ የሚሆንበት ነፍሳት ቢኖር ይህች ናት። ቆዳ ላይ ካረፈች እፍ ብለው ያስነሷት፣ ወይም ወረቀት ፊቷ አድርገው ስትወጣበት ያንሷት። አልጋና ግድግዳ ላይ ከሆነች ብርጭቆና ካርቶን ይበቃሉ። ብሩሽ ያለውን መያዣ አይጠቀሙ፤ ጸጉሮቹ መሀል ተጨፍልቃ መርዟ ይቀርበታል። ሰበብ ሆኖ ቆዳዎ ላይ ከተጨፈለቀች ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይጠቡ፤ እጅዎን ሳይታጠቡ ዓይንዎን አይንኩ፤ ልብሱንና አንሶላውን ይጠቡ። ማታ በብርሃን ስለምትሳብ መስኮቱን ሳይዘጉ መብራት አያብሩ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሰው ቤት እሠራለሁ። ኩሽናው ውስጥ ትንንሽ ቡናማ በረሮዎች አሉ። እመቤቲቱ ፍሊት አትወድም፤ በአየር የሚስብ መያዣ ሰጥታኛለች። ያጠፋቸዋል?

መልስ፦ አያጠፋቸውም፤ ግን ይረዳሻል። ትንሿ ቡናማ በረሮ የጀርመን በረሮ የምትባለው ናት። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘች ከረጢት ጅራቷ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። ብትረግጫት እናቲቱ ትሞትና ከረጢቱ ሳይጎዳ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ መሳቡ ከመጨፍለቁ ይሻላል። የሳብሽውን ግን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አታራግፊው። ወይ የሳሙና ውኃ ውስጥ አጥልቂው፣ ወይ በሁለት ፌስታል ቋጥረሽ በቀጥታ ከቤት አውጪው።

በረሮ ከኋላዋ ባሉት ሁለት አጫጭር ቀንዶች የአየር እንቅስቃሴ ይሰማታል፤ ብርጭቆ ወይም እጅ ከላይ ሲወርድባት ገና ሳይነካት የምትሮጠው ለዚህ ነው። መሳቢያውን ወለሉን እያስታከክሽ ከጎን አምጪው። ማታ መብራት ካጠፋሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅ ባትሪ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥርና ከካቢኔት ማጠፊያ አካባቢ ፈልጊ።

በረሮውን የሚጨርሰው ጄል የሚባለው መርዝ ነው። በምስር ፍሬ መጠን እያደረጉ ስንጥቅና ማጠፊያ ሥር ያስቀምጡታል፤ ሽታ ስለሌለው እመቤቲቱም ሳትፈቅድ አትቀርም። ጄል ባለበት ፍሊት አይነፋም፤ በረሮዎቹ ከጄሉ ይሸሻሉ። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ብቻ ይሁን። የበረሮ ፍርስራሽና እዳሪ አስም ስለሚያስነሳ፣ መያዣውን ስታራግፊ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ።

ጥያቄ፦ በዚሁ መሣሪያ ትኋን ይያዛል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሚታየው ይያዛል፤ እንቁላሉ ግን እንጨትና ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ በአየር አይነሳም። አንሶላና ልብሱን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ውኃ ይጠቡ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያ በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ያዳርሱ። መሳቢያው የሚያግዘው ብዛቱን ለመቀነስ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሰመራ ነው ያለሁት። ለጊንጥ የትኛው መያዣ ይሆናል?

መልስ፦ ብሩሹም፣ አየር የሚስበውም አይሆንም። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የብረት መቆንጠጫና ግድግዳው ቀጥ ያለ ባልዲ ያዘጋጁ፤ ጊንጥ ለስላሳ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይወጣም። ጅራቱን ከመርፌው ዝቅ ብለው በመቆንጠጫው ይያዙ። ለመፈለግ አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ይግዙ፤ ጨለማ ውስጥ ጊንጡ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ጫማ ይልበሱ። ሕፃን ከተነደፈ ሳይቆዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ አዲስ ዓይነት የወባ ትንኝ ገብቷል ይባላል። ቤቴ ውስጥ ያለችው እሷ መሆኗን ለማወቅ ሳላበላሻት ይዤ ለጤና ባለሙያ ማሳየት እፈልጋለሁ። እንዴት?

መልስ፦ ጥሩ አሳብ ነው፤ ትንኝን ሳይጨፈልቁ መያዝ ከንጽሕና በላይ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲሷ፣ አኖፌለስ ከሚባሉት የወባ ትንኞች አንዷ የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። ከለመድናት አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትለየው በክንፏና በእግሯ ላይ ባሉ ደቃቅ ነጠብጣቦች ስለሆነ ራኬት የነካት ወይም በእጅ የተመታች ትንኝ ለመለየት አትጠቅምም።

ማለዳ ግድግዳ ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባና ከአልጋ ሥር ያረፈችውን ይፈልጉ። አኖፌለስ ስታርፍ ጅራቷን ወደ ላይ አንስታ ሰውነቷን ታዘነብላለች፤ ተራዋ የቤት ትንኝ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና ትቀመጣለች። አፉ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ብልቃጥ ቀጥ አድርገው ይድፉባት። ስትነሳ ወደ ብልቃጡ ውስጥ ትገባለች፤ በካርቶን ሸፍነው አፉን በጥጥ ይዝጉት። ብልቃጡ እርጥብ ከሆነ ክንፏ ይጣበቃል፣ ስለዚህ በደንብ የደረቀ ይሁን።

አፍ ተጠቅመው በቱቦ የሚስቡ ባለሙያዎች አሉ። ቤት ውስጥ መሥራት ከፈለጉ በሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን ላይ ሁለት ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ይብሱ፣ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጎማ ቱቦ ያስገቡ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ይድፈኑ። በአጭሩ ቱቦ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ሁለት ድርብ የአጎበር ጨርቅ በላስቲክ ያስሩ። ጨርቁ ከተረሳ ትንኟ ቀጥታ ወደ ሳቢው ትመጣለች። በአፍ ከመሳብ ይልቅ የጎማ ፓምፕ ጨብጠው፣ አጭሩ ቱቦ ላይ ገጥመው ቢለቁት ይሻላል፤ የትንኟ ቅርፊትና አቧራ ሳንባ ውስጥ አይገባም።

ብልቃጡን ማቀዝቀዣው በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያኑሩት። ከዚያ ትንኟን በጥጥ ላይ አስቀምጠው፣ ከአዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ ከምትገኘው እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት ጋር በሚገጥም ዕቃ ይክደኗት። አልኮል ውስጥ አያድርጓት፤ የክንፏ ቀለም ይጠፋል። ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀበሌውን፣ ቤት ውስጥ ወይስ ውጭ እንደተያዘች፣ አጠገቡ የውኃ በርሜል መኖር አለመኖሩን በእርሳስ ጽፈው አብረው ያስገቡ፤ የቀለም ጽሑፍ እርጥበት ያበላሸዋል። የአካባቢዎ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደሚመለከተው ክፍል ያደርሱልዎታል። ስቴፈንሲ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ የቤት ውኃ ላይ እንቁላል ስለምትጥል፣ ትንኟን ይዘው ከመሄድዎ በፊት በርሜልዎንና ጣሪያዎ ላይ ያለውን ሮቶ ከፍተው የሚወዛወዙ ትናንሽ ትሎች መኖራቸውን ይመልከቱ። ካሉ ውኃውን ደፍተው ውስጡን በብሩሽ ይሹት፣ ክዳኑንም አጥብቀው ይግጠሙ።